«የበረራው ዓላማ፦ ለደስታ» ብለው የጻፉት የአቶ የኋላሸት ባንተአምላክ የሕይወት ታሪክ

አቶ የኋላሸት ባንተአምላክ፣ ከአባታቸው ከአቶ ባንተአምላክ ይስሃቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውድነሽ በዛብህ፣ በአርሲ ሽርካ ወረዳ ጎበሳ ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ከአራቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት በኩሩ አቶ ኃይለመስቀል ባንተአምላክ ብቻ ሲሆኑ፣ ይህንን ታሪክ ያሰናዱትም እሳቸው ናቸው። አቶ ኃይለመስቀል የቄስ ትምህርትና ስድስተኛ ክፍል እንጂ ሌላ ትምህርት የላቸውም፤ የጎደለ ቃል ካለ ሰሚው ይሙላበት። በቀብር ላይ በጎ በጎውን ብቻ ተናግሮ መሄድ የተለመደ ነው። በዚህ ሕይወት ውስጥ ግን የሚያስቆጣ ነገር አለ፤ እሱን ሸፍኖ ማለፍ ቤተሰቡ አልሆነለትም። ስለዚህ የቆማችሁ ጥላ ፈልጉ፣ አረጋውያን ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁም ስሙ።

አቶ የኋላሸት አባታቸው ሲያርፉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሰላ የእህል ንግድ በነበራቸው በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ኃይለመስቀል ቤት አደጉ። አንደኛ ደረጃን በጎበሳ ጀምረው በአሰላ ጨረሱ፤ እስከ አሥረኛ ክፍልም ተምረዋል። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በጠባይም ቃላቸውን የሚያጥፉ ልጅ አልነበሩም። ወንድማቸው «እስክመለስ ከሱቁ እንዳትነቃነቅ» ብለዋቸው ሄደው፣ መኪና ተበላሽቶባቸው በማግስቱ ቢመለሱ ሱቁ ደጃፍ ላይ በጆንያ ተጠቅልለው ተቀምጠው አግኝተዋቸዋል። ይህን ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የምናወራው።

በ1965 ዓ.ም. በእርሻ ማሽነሪ ወርክሾፕ ረዳት መካኒክ ሆነው ተቀጠሩ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዲክሲስ አካባቢ በነበረ የመንግሥት እርሻ ተመደቡ። በዚያም የስንዴ ዋግ መድኃኒት የምትረጨው ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በመጣች ቁጥር ባንዲራ ያዥ ሆነው ሠርተዋል። ወጣቶቻችሁ ስለማታውቁት ይነገር። ባንዲራ ያዥ ማለት ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስሮ ስንዴው መካከል የሚቆም ሰው ነው። አብራሪው ጨርቁን አይቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰውየው ይመጣል፣ በአናቱ ላይ ያልፋል፣ መድኃኒቱም አብሮ ይወርድበታል። ከዚያ ሰውየው አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ጎን ቆጥሮ እንደገና ይቆማል። አቶ የኋላሸት ይህንን ስምንት ክረምት ሠሩ። አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት በፎጣ ነበር። ማታ ሲመለሱ ጸጉራቸው ይሸታል፤ ልብሳቸው ከሌላው ልብስ ጋር አይታጠብም ነበር።

ለዚህ ሥራ ፈቃድ አውጣ ያላቸው አልነበረም። የጤና ምርመራ፣ ኢንሹራንስ፣ የደህንነት ኃላፊ የሚባል ነገር አልተነሣም። መርዝ በራሱ ላይ ሲወርድበት ለሚቆም ሰው አንዲት ወረቀት አላስፈለገችም። ሰሚዎቻችን ይህችን ነገር ያዙልን፤ አቶ የኋላሸት ራሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ይዘዋት ኖረዋልና።

በስምንተኛው ክረምት አብራሪው ካፒቴን አሰግድ ምሳ ላይ ጠሯቸውና፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ከታች ሆነህ እኔን ስታይ ኖርክ። ና እስቲ፣ ሜዳህን ከላይ እየው» አሏቸው። አውሮፕላኗ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ባዶዋን ስትሄድ በቀኝ ወንበር አስቀመጧቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መድኃኒት በማይረጭበት ጉዞ ሁሉ መሪውን እያስያዙ አስተማሯቸው። ካፒቴን አሰግድ ሲበዛ ተቆጪ ሰው ነበሩ። «ነፋሱን ሳታይ አትነሣ፤ የምታርፍበትን ሳታውቅ አትነሣ፤ ጉራህን ሳታራግፍ አትነሣ» ይሏቸው ነበር። አቶ የኋላሸትም ይህንኑ ለኮምባይነር ሹፌሮች ሳይቀር ሲናገሩት የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። በ1983 ዓ.ም. እርሻው ተበተነ፣ አውሮፕላኗም ሄደች። ካፒቴን አሰግድንም ዳግም አላገኟቸውም።

አቶ የኋላሸት በ1976 ዓ.ም. በአሰላ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ከወይዘሮ አፀደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ነህምያንና መክሊትን አፍርተዋል። ከእርሻው ከወጡ በኋላ አሰላ ውስጥ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ከኢተያ እስከ በቆጂ የኮምባይነር ጥገና ሠርተዋል። በአጨዳ ወቅት ማሽኑ ማሳ ላይ የቆመበት ገበሬ ማንን እንደሚጠራ የማያውቅ አርሲ ውስጥ አልነበረም። በዚህ ሥራ ብቻ ቢኖሩ ኖሮ የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ባለቀ፣ ሁላችንም ተጽናንተን ወደ ቤታችን በሄድን።

ነገር ግን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከጋራዡ ጀርባ አንድ ነገር መሥራት ጀመሩ። የብረት ቧንቧ በየዱ፤ ከአዲስ አበባ ያገኙትን ባለሁለት ሲሊንደር የሞተር ብስክሌት ሞተር ፈተው ገጠሙ። ክንፉን ወይዘሮ አፀደ በእግር መኪናቸው ሰፉት፤ እያንዳንዱን ስፌት ሁለት ጊዜ እየደገሙ። በደጋው አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክማል፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩን ከዝግባ እንጨት ሦስት ጊዜ ጠርበዋል። ሁለቱ አልስብ ብለው ተጣሉ፣ ሦስተኛው ሳበ። ሲጠናቀቅ መቶ ሠላሳ ኪሎ የማይሞላ፣ አንድ ወንበር ብቻ ያለው አውሮፕላን ሆነ። ሁለተኛ ወንበር ለምን አልሠራህም ሲባሉ፣ «የራሴን ነፍስ ነው የማዝበት» ይሉ ነበር።

ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለዳ፣ ዲክሲስ በሚገኘው የወዳጃቸው የአቶ ከዲሮ የታጨደ የስንዴ ማሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሡ። አሥራ አንድ ደቂቃ በረው አረፉ። ወይዘሮ አፀደ ማሳው ዳር ተንበርክከው ነበር። አቶ ከዲሮ ግን ሲያርፉ ጠብቀው፣ «ኦቦ የኋላሸት፣ ከእንግዲህ ገብሴን ከወፍ የሚጠብቅልኝ ጎረቤት አገኘሁ» አሏቸው። የአቶ ከዲሮ ባለቤት ወይዘሮ ጁወይሪያም ወተት አቀረቡላቸው።

በአራት በጋ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተነሥተው ሠላሳ ስምንት ጊዜ በሰላም አርፈዋል። ሁሉም በደብተር ተጽፏል፤ ሰዓቱ፣ ነፋሱ፣ ደቂቃው። ከማለዳ በቀር አይነሡም። ከሁለት መቶ ሜትር በላይ አይወጡም። በቤትና በከብት ላይ አያልፉም። አንድ የወረዳ ሹም መጥተው እስቲ ውሰደኝ ቢሏቸው፣ ወንበር የለኝም ብለው መልሰዋቸዋል። ሰውየው ተቀይመው ሄዱ። ይህ ቅያሜ በኋላ ለመጣው ነገር ምክንያት ነው አይደለም የሚለውን ቤተሰቡ አያውቅምና አይናገርም።

ሠላሳ ስምንተኛው በረራ በየካቲት 2000 ዓ.ም. ነው። ወደ ሲሬ አቅጣጫ ሲሄዱ ነፋሱ ዞረባቸው። የሚያርፉበትን አስቀድመው ያዩ ነበርና መንገድ ዳር ባለ ባዶ ማሳ ላይ አረፉ። የገበያ ቀን ነበር። ሰው ከበባቸው፤ አንዳንዱ እልል አለ፣ አንዳንዱ ሸሸ። ሰው አልተጎዳም፤ በሬ እንኳ ገመድ አልበጠሰም። ወዲያው ፖሊስ መጣ። አሥራ አንድ ቀን አሰሯቸው። ማን ላከህ ሲሏቸው ማንም አልላከኝም አሉ። ተልዕኮህ ምንድን ነው ሲሏቸው መብረር ነው አሉ። መርማሪው፣ «ሰው ዝም ብሎ አይበርም» ብሎ ጻፈ። የትኛውን ሕግ እንደጣሱ ግን ያን ቀንም ሆነ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ይቁምለት ተባለ። አቶ ኃይለመስቀል፣ አቶ ከዲሮና ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሁለት አባቶች ዋስ ሆነው አስወጧቸው። በማግስቱ በአቶ ከዲሮ ግቢ ተሰበሰቡ። አቶ የኋላሸት እርጥብ ሣር በእጃቸው ያዙ። አቶ ኃይለመስቀል፣ «ፈቃዱ በወረቀት እስኪመጣ ድረስ እግርህ ከመሬት አይለቅም። ቃልህን ለእኔ ስጠኝ» አሏቸው። «ሰጥቻለሁ፣ ጋሼ» አሉ። በአካባቢው ልማድ ሣር ተይዞ የተሰጠን ቃል ከተቀበለው ሰው በቀር የሚፈታው የለም፤ ፖሊስም ሆነ ዳኛ አይፈታውም። ሁሉም ወረቀቱ ከፍልሰታ በፊት ይመጣል ብለው ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። ወረቀቱ አልመጣም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ መቃብር አጠገብ ቆሞ ሰው መክሰስ አይገባምና። ነገር ግን የሆነው ይነገር። በግንቦት 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ቅጽ ተሰጣቸው። ቅጹ የዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የበረራ ኃላፊ፣ የጥገና ኃላፊ፣ የደህንነት ኃላፊና የሥልጠና ኃላፊ ስም ይጠይቃል። አቶ የኋላሸት አምስቱም ቦታ ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። አንድ ሰው አምስት ሥራ መያዝ አይችልም ተብሎ ተመለሰባቸው። «እንግዲያው የድርጅቱን ቅጽ ውሰዱትና የሰው ቅጽ ስጡኝ» አሉ። የሰው ቅጽ አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር «የበረራው ዓላማ» የሚል መጠይቅ መጣ። ከሥሩ ጭነት፣ መንገደኛ፣ ርጭት፣ ቅየሳ፣ ሥልጠና የሚሉ ምርጫዎች አሉ። አንዱንም አልመረጡም። ከጎኑ በእጃቸው «ለደስታ» ብለው ጻፉ። የተቀበለቻቸው ሠራተኛ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ጨዋ ልጅ ነበረች። ሳቀችና፣ «አባባ፣ ደስታ እኮ ዓላማ አይደለም» አለቻቸው።

ያን ቀን አሰላ ሲመለሱ የነበራቸውን ቁጣ ያየ ሰው አይረሳውም። ግቢው ውስጥ እየተንጎራደዱ፣ «ደስታ ዓላማ ካልሆነ ሰርግ በምን ፈቃድ ይደገሳል? ፈረስ ጉግስ በምን ፈቃድ ይጋለባል? ፈረስ ጥሎት ያልተሰበረ ሰው አርሲ ውስጥ ማነው? ለፈረስ የጥገና ኃላፊ የተጠየቀ ሰው አለ?» አሉ። ወይዘሮ አፀደ ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ሊዘጉ ቢነሡ፣ «ክፈችው፤ ይስሙ» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ተቆርቋሪ ሰው በጆሯቸው፣ ርጭት ብለህ ሙላ፣ በወሩ ታገኛለህ አላቸው። ሙላ የተባሉት ርጭት ነው። ስምንት ክረምት በራሳቸው ላይ የወረደው ርጭት። እዚያ ላይ ምልክት ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ይነበብ ነበር። እምቢ አሉ። «ሕጉ ውሸቴን ተቀብሎ እውነቴን የሚጥል ከሆነ መስተካከል ያለበት ሕጉ ነው፤ እኔ ለምን እጣመማለሁ» ብለው ተመለሱ። ወንድማቸው ግትር ብለው ሰደቧቸው። ዛሬ ያንን ስድብ መልሰው ቢውጡት በወደዱ።

አቶ የኋላሸት የሕግ ጠላት ነበሩ የሚል ካለ ተሳስቷል። እንዲያውም በ2003 ዓ.ም. በእጃቸው ጽፈው ያስገቡት ባለ አሥራ አራት ገጽ ደንብ ቤተሰቡ ዘንድ ቅጂው አለ። ትንሽ አውሮፕላን በቀን ብቻ ይብረር፣ ከከተማ ይራቅ፣ ሌላ ሰው አይጫንበት፣ በየዓመቱ ይመርመር፣ አብራሪው ይፈተን፣ የወደቀም ሰው ራሱ ይጠየቅ ይላል። ሦስት መቶ ሰው ለሚጭነው የተጻፈውን ሕግ አንድ ሰው በሸራ ለሚበርበት መልበስ፣ ሳይክል ለሚነዳ ሰው የከባድ መኪና ተሳቢ መንጃ ፈቃድ አምጣ እንደማለት ነው ይላል። ሰው ራሱን ብቻ ለአደጋ ሲያጋልጥ መንግሥት ይምከረው፤ ሌላውን ሲያጋልጥ ግን ይያዘው ይላል። ለዚህ ደንብ የመጣው መልስ «ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ሁለት ወጣቶች ድሮን በምእመናን ላይ አስነሥተው፣ ድሮኗ የአንዲት ዘማሪ ልጅ ግንባር ጫረች። አቶ የኋላሸት እዚያው ነበሩ። ወጣቶቹን በክንዳቸው ይዘው ወደ ጋራዡ ወሰዷቸውና ሁለት ሰዓት ተቆጡ። «ሰው አናት ላይ ማሽን ማስኬድ ነጻነት መስሏችኋል? እኔን መሬት ላይ ያስቀመጠኝ እንደ እናንተ ያለው ነው። እናንተን እያዩ ነው እኔን የሚፈሩኝ» አሏቸው። ከዚያ የልጅቱን ወላጆች ይቅርታ አስጠየቋቸው። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ እዚህ ቆሟል፤ ይህ እንዲነበብም ፈቅዷል።

ከሁሉ የባሰው በ2009 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከውጭ የመጡ ሰዎች ቀለም ቀለም ያለው የሸራ ክንፍ ይዘው ከጭላሎ ተራራ ወገብ ሊነሡ መጡ። ደብዳቤ ነበራቸው፣ ፖሊስም አጅቧቸዋል። ነፋሱን የሚያውቅ የአገር ሰው ተፈልጎ አቶ የኋላሸት ተጠሩ። ሄዱ፤ «ከሦስት ሰዓት በፊት ተነሡ፣ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ወደ ገደሉ ይዞራል» ብለው መከሯቸው። ሰዎቹ በሰላም በረው አረፉ፣ አመሰገኗቸውም። አንደኛው በአስተርጓሚ፣ «እርስዎስ በምን ይበራሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። አቶ የኋላሸት ተመልካች እንዳያልፍ ከተወጠረው ገመድ ወዲህ ቆመው፣ «ቃል አለብኝ» አሉ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው አይታወቅም። በአገራቸው ተራራ፣ በሚያውቁት ነፋስ፣ እንግዳው በረረ፣ እሳቸው ገመድ ጠበቁ። እንግዶቹ አልበደሉም። የበደለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ሲሬ ላይ የተያዘው አውሮፕላን ሁለት ዓመት በፖሊስ ግቢ ቆይቶ፣ ሸራውን ፍየል በልቶት ተመለሰ። ወይዘሮ አፀደ ክንፉን እንደገና ሰፉት። በአቶ ከዲሮ መጋዘን ተቀመጠ፤ አቶ የኋላሸትም ማሳው ባዶ በሆነ ጊዜ በየቅዳሜው እየሄዱ ሞተሩን ያስነሡ ነበር። ተቀምጠውበት ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይነዱታል። አፍንጫው ሲቀልና ሊነሣ ሲል ነዳጁን ይቀንሳሉ። ይዞራሉ፣ እንደገና ይነዳሉ፣ እንደገና ይቀንሳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ዓመታት ቆጠሩ። አቶ ከዲሮ አንድ ቀን፣ «አንድ ጣት ብትጨምርበት እኮ ትነሣለች። ከእኔና ከፈጣሪ ከረቢ በቀር የሚያይህ የለም» ቢሏቸው፣ «አንዷ ጣት ናት ቃሌ» አሏቸው። አቶ ከዲሮ ያን ቀን ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። መሬቱ ላይ የጎማው መስመር እስከ ዛሬ አለ፤ ስንዴ እንኳ እዚያ ላይ ሲበቅል ያጥራል።

ማመልከቻው ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል። አንድም ጊዜ አልተከለከሉም። «እምቢ ቢሉኝ ይግባኝ እል ነበር። እሺም እምቢም አይሉኝም፤ ሰው ከዝምታ ጋር በምን ይሟገታል?» ይሉ ነበር። ኃላፊ ይቀየራል፣ ፋይሉ ይጠፋል፣ ቅጹ ይታደሳል፣ እሳቸው እንደገና ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ቁጣው ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ ብቻ እንዳይሄድ አቶ ኃይለመስቀል የሚከተለው ቃል በቃል እንዲነበብ አዘዋል። ያ ቃል በአቶ ኃይለመስቀል እጅ ነበር። በማንኛውም ቀን «ፈትቼሃለሁ» ቢሉ ወንድማቸው በማግስቱ በተነሡ። ቢታሰሩም በታሰሩ፤ ያን አቶ የኋላሸት አይፈሩም ነበር። ወንድማቸው ግን ፈሩ። እንደ አባት ያሳደጉት ልጅ ከሰማይ ወድቆ ሬሳው እንዳይመጣባቸው ፈሩ። ፍርሃታቸውንም ሕግ ማክበር አሉት። አቶ የኋላሸትን ምድር ላይ ያስቀመጠው ሕግ አልነበረም፤ ስለ እሳቸው የተጻፈ ሕግ አልነበረምና። መሥሪያ ቤቱ አንድ ዘበኛ ሳይቀጥር፣ አንድ መስመር ሳይጽፍ፣ ሥራውን የሠሩለት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ማለዳ አቶ የኋላሸት ወደ ወንድማቸው ቤት መጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋስም የለም። ሲወጡ ለወይዘሮ አፀደ፣ «ዛሬ ጋሼን እጠይቃቸዋለሁ» ብለዋቸው ነበር። አቶ ኃይለመስቀል ገና በሩ ላይ ሲያዩአቸው ለምን እንደመጡ አወቁ። ስለዚህ ማውራት ጀመሩ። ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አናጺው አወሩ። እስከ ምሳ ድረስ አፋቸውን አልገጠሙም። አቶ የኋላሸት አዳመጡ፣ ጣሪያውንም ወጥተው አዩላቸው፣ ምሳ በልተው ተነሡ። ቤት ሲገቡ ወይዘሮ አፀደ፣ «ጠየቅካቸው?» ቢሏቸው፣ «ጣሪያቸው ያፈሳል አሉ፤ ቅዳሜ ሄጄ እሠራላቸዋለሁ» አሉ። ሠሩላቸውም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ ምን ሥራ ሠርተው እንደኖሩ ጠየቋቸው፤ ስለ ባንዲራውም ነገሯቸው። ሐኪሙ ጻፉት። ምክንያቱ ይህ ነው አላሉም፤ ቤተሰቡም አይልም። ጻፉት ብቻ። በአሰላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ሬሳው ከቤት ከመውጣቱ በፊት አቶ ኃይለመስቀል እርጥብ ሣር አስቆርጠው፣ ከአራቱ ሽማግሌዎች የቀሩትን አቶ ከዲሮን ጠሩ። «ና፣ አብረን ቃሉን እንፍታለት» አሏቸው። አቶ ከዲሮ ሣሩን አልተቀበሉም። «ጋሼ ኃይለመስቀል፣ የምትፈታው ለማን ነው?» አሉ። «ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳዬ ላይ ነበር። መንገዱን ታውቀው ነበር።» ወጥተው ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል ገቡ። አቶ ኃይለመስቀል ሣሩን ይዘው ቀሩ። አቶ ከዲሮ እውነት ተናገሩ፤ ቤተሰቡም በዚህ አይቀየማቸውም። የዘገየ መፍታት እንደ መፍታት እንዳይቆጠርላቸው አቶ ኃይለመስቀል ራሳቸው ጠይቀዋል።

አቶ የኋላሸት ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአራት የልጅ ልጆችም አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ፣ ልጆቻቸው ነህምያ የኋላሸትና መምህርት መክሊት የኋላሸት፣ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኃይለመስቀል፣ እንዲሁም ቤተሰቡ እንደ ወንድም የሚቆጥራቸው አቶ ከዲሮና ወይዘሮ ጁወይሪያ በሐዘን ላይ ናቸው። ከጎበሳ፣ ከሲሬና ከዲክሲስ የመጣችሁ፣ ሥራ አስፈቅዳችሁ የደረሳችሁ፣ ድንኳን የተከላችሁ የዕድር አባላት፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

አንድ ነገር ልንለምናችሁ ነው። ከመካከላችሁ የልጁን፣ የወንድሙን፣ የሚስቱን ቃል በእጁ የያዘ ሰው ካለ፣ ያሰረበትም ነገር በደል ሳይሆን የራሱ ፍርሃት ከሆነ፣ ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ ወደዚያ ሰው ይሂድ። እስኪጠይቁት አይጠብቅ። ሰውየው መጥቶ በር ላይ ከቆመም ስለ ጣሪያ አያውራ።

የወንድማችንን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለወይዘሮ አፀደና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ፤ ለአቶ ኃይለመስቀልም በቀረችው ዕድሜ የንስሐ ጊዜ ይስጥ። አሜን።